የአንባቢያን ጥያቄ፦ ታከተኝ፤ የቤት ብድሩ ግን አላስለቅቅ አለኝ

ጥያቄ፦ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ገንዘብ ከፋይ ሆኜ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ጠዋት የምነሳው ደክሞኝ ነው። ደንበኛ ሰላም ሲለኝ እንኳ ይከብደኛል፤ ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ማታ ደግሞ በቴሌግራም «ዛሬ ስንት ተቀማጭ አመጣችሁ?» ይባላል። እንዳልለቅ በሠራተኛ ወለድ የወሰድኩት የቤት ብድር አለብኝ። የዓመት ፈቃድ ወጥቼ ነበር፤ በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን እዚያው ነኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ «በሦስተኛው ቀን እዚያው ነኝ» ያሉት ቁልፉ ነው። ፈቃድ ድካም ያወጣል እንጂ ድካሙን የሚያመጣውን አይነካም። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን መታከት በሽታ አይለውም፤ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ነው የመደበው። መለያዎቹ ሦስት ናቸው፦ ጉልበት ማለቅ፣ ሥራውንና ባለጉዳዩን መጥላት፣ ሠርቼ ምንም አላመጣሁም ማለት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥያቄዎ ላይ አሉ።

በብድሩ እንጀምር፤ «አልችልም» የሚለው ነገር ዋጋው ካልታወቀ ከእውነቱ በላይ ይከብዳልና። የብድር ውልዎን አውጥተው ሥራ ሲለቁ ምን እንደሚሆን የሚለውን አንቀጽ ያንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ ወለዱ ወደ መደበኛው ደንበኛ ወለድ ይቀየራል፤ ጠቅላላ ዕዳው በአንድ ጊዜ ይከፈል የሚል ውልም አለ። ለምሳሌ ቀሪ ዕዳዎ 2 ሚሊዮን ብር፣ ቀሪ ጊዜው 20 ዓመት ነው እንበል። በ7 በመቶ ወለድ ወርሃዊ ክፍያው ወደ 15,500 ብር ነው፤ ወለዱ 16 በመቶ ቢሆን ወደ 27,800 ይደርሳል። የመልቀቅ ዋጋ እንግዲህ በወር 12,300 ብር ገደማ ነው። የራስዎን ቁጥር ብድር ክፍሉን ጠይቀው ያሠሩ። ሌላ ባንክ ቢጠራዎት ከመፈረምዎ በፊት ብድሩን ይረከብ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በቃል የተባለ ነገር ሰው ሲቀያየር ይረሳል።

ቁጥሩ «መልቀቅ አያዋጣም» ካለ የሚቀረው ቀጣሪውን ሳይሆን ሥራውን መቀየር ነው። ለዚህ በመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ማስታወሻ ይያዙ። በቀን ሦስቴ፣ ረፋድ 4፣ ቀን 7 እና ማታ 12 ሰዓት ላይ፣ ምን እየሠሩ እንደነበርና ከ0 እስከ 10 ምን ያህል እንደዛሉ ይጻፉ። ብዙ ሰው «ሁሉም ነገር» ነው ያደከመኝ ይላል፤ ሲጽፈው ግን ሁለት ወይም ሦስት ነገር ሆኖ ያገኘዋል። በገንዘብ ከፋይ ዘንድ ከእነዚህ አንዱ ብዙውን ጊዜ የጉድለት፣ ማለትም ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ገንዘብ የመጉደል፣ ፍርሃት ነው። የደከመ ሰው ይሳሳታል፤ ስህተቱ ጉድለት ያመጣል፤ ጉድለቱ ሲፈለግ ይመሻል፤ ያመሸ ሰው በማግስቱ ደክሞ ይገባል። እዚህ ላይ የሚረዳው ምክር ሳይሆን አሠራር ነው፦ ቀን 6 ሰዓት ላይ መስኮቱን ለጥቂት ደቂቃ ዘግተው እጅዎ ላይ ያለውን በየኖቱ ዓይነት ቆጥረው ከሲስተሙ ጋር ያመሳክሩ። ማታ ቢጎድል የሚፈልጉት የግማሽ ቀን ግብይት ብቻ ይሆናል። መስኮት መዝጋቱን ግን አስቀድመው ከተቆጣጣሪዎ ጋር ይስማሙ።

ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጅዎ ይግቡ፤ «ደክሞኛል» ብለው ግን አይግቡ። መልሱ የታወቀ ነው፦ «ማን ያልደከመው አለ?» አንድ የተቆረጠ ነገር ይጠይቁ። ለምሳሌ «በሳምንት ሁለት ቀን ከመስኮት ተነስቼ ሰነድ ላይ ልሥራ፤ ለሦስት ወር እንሞክረውና እንየው»። የሙከራ ጊዜ ያለው ጥያቄ እምቢ ለማለት አይመችም። ስለ ቴሌግራሙም እንዲሁ፦ ግሩፑን ድምፅ አጥፍተው፣ «ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ አስቸኳይ ከሆነ ደውሉልኝ» ይበሉ። ሳይናገሩ ዝም ብለው ቢጠፉ ግን «ሥራ ጠላች» ተብሎ ይተረጎማል።

ትልቁ መውጫ የውስጥ ዝውውር ነው፤ ቀጣሪው ስለማይቀየር የብድሩ ውል አይነካም። ከተቀማጭ ማሰባሰብ የራቁ ክፍሎችን፣ ለምሳሌ ቁጥጥርን፣ ሒሳብን፣ የዓለም አቀፍ ባንክ ሰነዶችን፣ በውስጥ ማስታወቂያ ይከታተሉ። ሰኔ ላይ ግን አይጠይቁ፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ ላይ ሲዘጋ ሰው የሚለቅ ቅርንጫፍ የለም። ሐምሌ ይሻላል።

ፈቃዱን ከዚህ ሁሉ በኋላ ይውሰዱ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ 1 ቀን ይጨመራል፤ ለስድስት ዓመት 18 ቀን ነው። የኅብረት ስምምነታችሁ ከዚህ በላይ ሊሰጥ ስለሚችል እሱንም ይዩ። አሠሪው ከተስማማ ለሁለት ተከፍሎ ሊወሰድ ይችላል። እኛ ብንመርጥ የመጀመሪያውን ግማሽ ሥራው በተቀየረበት ሰሞን እናደርገዋለን። ወደ አሮጌው መስኮት ለመመለስ ማረፍ ምን እንደሚያመጣ አስቀድመው አይተውታልና።

ጥያቄ፦ አለቃችን ሒሳብ መዝጊያ ነው እያለ እስከ ማታ 3 ሰዓት ያስቆየናል። የትርፍ ሰዓት አይከፈለንም። ዝም እንበል?

መልስ፦ መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሊበልጥ አይችልም። ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 4 ሰዓት ያለው በአንድ ተኩል፣ ከማታ 4 እስከ ንጋት 12 ያለው በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በእጥፍ፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። የመግቢያና መውጫ ሰዓቱን፣ ያዘዘውን ሰውና የተሠራውን በየቀኑ ይጻፉ። የክፍያ ጥያቄ ከ6 ወር በላይ ከቆየ በይርጋ ይታገዳል፤ ስለዚህ «ዓመቱ ይለቅና እንጠይቃለን» የሚለው ገንዘብ ያስበላል። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ በማኅበሩ በኩል ይቅረብ፤ አንድ ሰው ለብቻው ሲጠይቅ ዒላማ ይሆናል። የሥራ መሪ ከሆኑ ግን አዋጁ አይሸፍንዎትም።

ጥያቄ፦ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ እሑድም ደስታ የለኝም። ይህም የሥራ መታከት ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። የሥራ መታከት ከሥራው ሲርቁ ትንሽም ቢሆን ይቀላል። በዕረፍት ቀንም ካልቀለለ፣ የሚወዱት ነገር ሁሉ ካስጠላና ሁለት ሳምንት ካለፈው ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይዩ። በዚያው የደም ማነስ፣ የስኳርና የእንቅርት ዕጢ ምርመራ እንዲደረግልዎ ይጠይቁ፤ ሦስቱም ድካምን ያመጣሉ። ሞትን የሚያስመኝ ሐሳብ ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ የሚያምኑትን ሰው ይዘው በዚያው ቀን ይሂዱ፤ አዲስ አበባ ላሉ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ሐኪም ፈቃድ ከጻፈ፣ በ12 ወር ውስጥ የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወሮች በግማሽ፣ ቀሪዎቹ 3 ወሮች ያለ ክፍያ ናቸው። ከቀሩበት ቀን ማግስት ለመሥሪያ ቤቱ ያሳውቁ፤ ወረቀቱ ላይ ማህተምና ቀን መኖሩንም አይተው ይውጡ።