የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የብስክሌት ፍሬን ዘይት ከመኪናው ጋር ይቀላቀላል?

ጥያቄ፦ ጀርመን አገር የሚኖረው ወንድሜ ሲጠቀምበት የነበረውን የተራራ ብስክሌት ልኮልኛል። ፍሬኑ በሽቦ ሳይሆን በዘይት የሚሠራ ሺማኖ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የፊቱን ፍሬን ስይዝ እጀታው መሪው ድረስ ይገባል። የሰፈራችን መካኒክ ዘይቱ ስለጎደለ ነው ብሎ ከሶማሌ ተራ ዶት 4 የሚል የመኪና ፍሬን ዘይት ገዝቼ እንድመጣ ነገረኝ፤ «የፍሬን ዘይት ያው የፍሬን ዘይት ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ከእንጦጦ ስለምወርድ ልቤ አልቆረጠም። ምን ትመክሩኛላችሁ?
አንባቢ፣ ከሽሮ ሜዳ

መልስ፦ ዶት 4 እንዳይጨምሩበት አጥብቀን እንመክርዎታለን። መካኒክዎ ዘይት ጎድሏል ማለታቸው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ስሕተቱ የፍሬን ዘይት ሁሉ አንድ ነው ማለታቸው ላይ ነው።

የብስክሌት ፍሬን ዘይት ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 እየተባለ የሚሸጠው፣ መኪናም የሚጠቀምበት፣ ከግላይኮል ውሁዶች የሚሠራ ፈሳሽ ነው። ሁለተኛው ከነዳጅ ዘይት የሚገኘው ማዕድን ዘይት ሲሆን ሺማኖ፣ ማጉራና ቴክትሮ የተባሉት አምራቾች የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብሎ መከራከር ብዙም አይጠቅምም፤ ምርጫውን የሚወስነው ዘይቱ ሳይሆን በፍሬኑ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ነውና። ለዶት በተሠራ ፍሬን ውስጥ ያለው ጎሚኒ ኢፒዲኤም ከሚባል የጎማ ዓይነት ስለሚሠራ ማዕድን ዘይት ሲነካው ያብጣል፤ ለማዕድን ዘይት በተሠራው ውስጥ ያለው ደግሞ ናይትራይል ስለሆነ ዶት ያበላሸዋል።

ጉዳቱ የሚደርሰው እንዲህ ነው። በካሊፐሩ ውስጥ፣ ማለትም ዲስኩን ግራና ቀኝ በሚይዘው የፍሬኑ ክፍል ውስጥ፣ እያንዳንዱን ሸራ ገፊ ፒስተን አንድ ቀለበት ጎሚኒ ይከበዋል። እጀታውን ሲይዙ ፒስተኑ ወደ ዲስኩ ሲገፋ ጎሚኒው ከቦታው ሳይለቅ አብሮት ይጠመዘዛል፤ እጀታውን ሲለቁ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ሲመለስ ፒስተኑንም በጥቂቱ ይዞት ይመለሳል። በፍሬን ሸራውና በዲስኩ መካከል ያለችውን ቀጭን ክፍተት የሚፈጥራት ሌላ ምንጭ ሳይሆን ይኸው መጠምዘዝ ነው። ጎሚኒው ካበጠ ግን ፒስተኑ ይያዛል፣ ሸራው ዲስኩን ሳይለቅ ይፈገፍጋል፣ እጀታውም ሲለቁት ቀስ እያለ ይመለሳል ወይም ጨርሶ አይመለስም። ይህ ሁሉ የሚታየው ዘይቱ በተጨመረበት ዕለት ላይሆን ስለሚችል «እኔ ጨምሬ ምንም አልሆነም» የሚል ምስክርነት ቢሰሙ አይመኑት።

የፍሬንዎን ወገን ለማወቅ በመጀመሪያ እጀታው ላይ ያለውን የዘይት ማጠራቀሚያ ክዳን ይመልከቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ተጽፎ ይገኛል። በስም ብቻ መሄድ አንዳንዴ ያሳስታል። ስራም (SRAM) የተባለው አምራች ለረጅም ዘመን የዶት ወገን ሆኖ ቆይቶ ዲቢ8 እና ሜቨን የተባሉትን ፍሬኖቹን በማዕድን ዘይት ሠርቷል። በቀለም መለየትም አያስተማምንም፤ የሺማኖ ዘይት ቀላ ያለ፣ የማጉራው ሰማያዊ ቢሆንም ቀለም የተጨመረባቸው የዶት ዘይቶችም አሉ። ያልታወቀ ዘይት ካጋጠመዎ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ላይ ከዘይቱ ጥቂት ጠብታ ያንጠባጥቡ፦ ዶት ከውሃው ጋር ተዋሕዶ ይጠፋል፤ ማዕድን ዘይት ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ብርጭቆውን ግን ወደ ጓዳ አይመልሱት፤ ዶት መርዝ ነው።

ስለ እንጦጦ ቁልቁለት መስጋትዎ ተገቢ ነው። ከብስክሌቱ ጋር 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው 500 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ ከ400 ኪሎ ጁል በላይ ጉልበት ይለቀቃል፤ ከፊሉን ንፋስ ቢወስደውም ቀሪው በዲስኩና በሸራው ላይ ሙቀት ይሆናል። ማዕድን ዘይት ከውሃ ጋር ስለማይዋሐድ በጊዜ ብዛት ወደ ውስጥ የገባች ጠብታ ውሃ ዝቅ ወዳለው ቦታ ማለትም ወደ ካሊፐሩ ትወርዳለች፤ ከፍተኛው ሙቀት ያለውም እዚያው ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እንፋሎቱ እንደ አየር ስለሚታመቅ እጀታው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ማዕድን ዘይትም ቢሆን በየጊዜው መለወጥ አለበት።

ከመግዛትዎ በፊት ሸራው አልቆ እንደሆነና በቱቦው መጋጠሚያዎች ላይ ርጥበት እንዳለ ያስፈትሹ፤ ዘይት ዝም ብሎ አይጎድልምና። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ምክንያቱ ወደ ውስጥ የገባ አየር ሊሆን ስለሚችል የሺማኖን ዘይት አስመጥተው አየሩን ያስወጡ። የሌላ አምራች ማዕድን ዘይት ውፍረቱ ስለሚለያይ አምራቾቹ አይፈቅዱትም፤ ጉዳቱ ግን ከዶት ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ጥያቄ፦ የኔ ፍሬን «ዶት 4 ወይም 5.1» ይላል። ሱቅ ውስጥ ያገኘሁት ዶት 3 እና ዶት 5 ነው፤ ሻጩ 5 ከ4 ስለሚበልጥ እሱን ውሰድ ይለኛል። ልግዛ?
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ዶት 5ን አይግዙ። ቁጥሩ ቢበልጥም ዘሩ ሌላ ነው፤ ከሲሊኮን የሚሠራ በመሆኑ ከ3፣ ከ4 እና ከ5.1 ጋር አይቀላቀልም። ስያሜውን ያወጡት ሰዎች 5 እና 5.1 ብለው ገዢን ማደናገራቸው የሚያስወቅሳቸው ነው።

ዶት 3፣ 4 እና 5.1 እርስ በርሳቸው ሲቀላቀሉ ጎሚኒውን አይጎዱም፤ የሚለያዩት በመፍያ ነጥባቸው ነው። አዲስ ሲሆኑ ዝቅተኛው የመፍያ ነጥብ ለዶት 3 205 ዲግሪ፣ ለዶት 4 230፣ ለ5.1 ደግሞ 260 ነው። ውሃ ሲስቡ፣ ማለትም 3.7 በመቶ ውሃ ሲይዙ፣ በቅደም ተከተል ወደ 140፣ 155 እና 180 ይወርዳሉ። ስለዚህ ዶት 3 ፍሬንዎን ባያበላሽም ከተጻፈው መመዘኛ በታች ስለሆነ ዶት 4 እስኪያገኙ ቢታገሡ ይሻላል። የመኪና ዶት 4 ለእርስዎ ፍሬን ይሆናል።

ሲገዙ ማሸጊያው ያልተከፈተ ትንሽ ጠርሙስ ይምረጡ። አንዳንድ ሱቆች ከትልቅ ጀሪካን ወደ ሃይላንድ እየቀዱ ይሸጣሉ፤ ዶት ከአየሩ ርጥበት ስለሚስብ እንዲህ ያለው ዘይት ገና ሳይገባ አርጅቷል፣ ውሃ መስሎት የሚጠጣ ልጅም አይጠፋም። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ይልጠዋልና ወዲያው በብዙ ውሃ ይጠቡት።

ጥያቄ፦ በማዕድን ዘይት ፍሬን ውስጥ ዶት ጨምሬ ለሁለት ሳምንት ነድቼዋለሁ። ማዳን ይቻላል?
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ መንዳትዎን ያቁሙ። ዘይቱን ለውጦ ማጠብ ያበጠ ጎሚኒን አይመልሰውም፤ የውስጥ ጎሚኒዎቹ በሙሉ መለወጥ አለባቸው። እንደ ሆፕ ያሉ አምራቾች የጎሚኒ መለወጫ ለብቻው ይሸጣሉ። ሺማኖ ግን ስለማይሸጥ የእርስዎ የእሱ ከሆነ እጀታውንና ካሊፐሩን አንድ ላይ መለወጥ ግድ ይሆናል፤ ቱቦውንም አብረው ቢለውጡት ይመረጣል። ዘይት የነካው ሸራ ካለ ይጣል፣ ዲስኩ ግን በንጹሕ አልኮል ተወልውሎ ያገለግላል።