ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጣው፦ የሳምንቱ ጥያቄና መልስ

«ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አድጌ ዋና አልችልም። በ43 ዓመቴ ብጀምር ይረፍድብኛል?» ብለውኛል አንድ አባት።

አይረፍድም። ግን ሐይቁ ጉማሬ አለበት፤ ገንዳ ውስጥ ከአሠልጣኝ ጋር ይጀምሩ።

ቀጣዩ ደብዳቤ ከታቦር ተራራ ሥር ነው የመጣው። ልጁ 19 ዓመቱ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሐኪም መሆን ይመኛል፤ ሰፈሩም «ዶክተሩ» እያለ ነው ያሳደገው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ግን ከ600 271 አመጣ። አባቱ «በቃ፣ ሱቅ ግባ» አሉት። ሰው እንዳያየው በጓሮ በር ነው የሚወጣው።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ በፊት ለፊቱ በር ውጣ። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አገር ሙሉ የወደቀበት ፈተና ነው፤ አንገት የሚያስደፋ ነገር የለውም።

ግን «አይዞህ፣ በርታ» ብዬ ላልፍህ አልፈልግም። የት ላይ እንደሚበረታ ያልተነገረው ልጅ ያንኑ ስሕተት ይደግማል። እኔ ማትሪክ የወደቅኩ ጊዜ ወረቀቱን አራት ላይ አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ቀበርኩት። ከሁለት ዓመት በኋላ አውጥቼ በየትምህርቱ ሳየው የጣለኝ ሒሳብ ብቻ ነበር። በአንድ ትምህርት ምክንያት ሁለት ዓመት ሙሉ «ደደብ ነኝ» ስል ኖርኩ። አንተም ድምሩን ብቻ ነው የጻፍክልኝ። ባዮሎጂ ስንት አመጣህ? ፊዚክስስ? ለግማሹ የጎደለህ 29 ነጥብ ነው። ሰዓት አልቆብህ ነው ወይስ ምዕራፉን ሳትነካው ገብተህ?

ደራርቱ ቱሉን አስብ። በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ወሰደች። አትላንታ ላይ አራተኛ ወጣች። ከዚያ ልጅ ወለደች፤ በ2000 ሲድኒ ላይ በዚያው ርቀት ወርቁን መለሰችው። ሁላችንም የምናወራው ስለ ሲድኒ ነው። ለአንተ የምትጠቅምህ ግን ከአትላንታ ባዶ እጇን ተመልሳ እንደገና ልምምድ የጀመረችው ደራርቱ ናት።

የሬሜዲያል (ግማሹን ላላመጡ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) መግቢያ ነጥብ በየዓመቱ ስለሚለያይ የትምህርት ሚኒስቴርን ማስታወቂያ ጠብቅ። ካልደረሰህ በግል ተፈተን። አባትህንም አትሽሻቸው፤ ልጄ ሥራ ፈትቶ ይቀራል ብለው ነው የፈሩት። «ጠዋት ላጥና፣ ከሰዓት ሱቅ እቆማለሁ» በላቸው።

አንዲት እናት ደግሞ «የሰባት ዓመት ልጄ ሰኞ ፓይለት፣ ማክሰኞ ባጃጅ ነጂ፣ አሁን ደግሞ ዓሣ አጥማጅ እሆናለሁ ይላል፤ ልቆጣው?» ትላለች።

ኧረ በፍጹም! በጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ውሰጂው። አጥማጆቹ መረቡን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ቀዳዳውን በጣታቸው እየዳበሱ ሲጠግኑ ይይ። የፈለገውን ያህል ይጠይቃቸው።

የመጨረሻዋ ጠያቂ ባለትዳር ናት። ባሏ ከልጅነቱ ሲመኘው የኖረውን ካፌ ከፍቶ በዓመቱ ዘጋው። ሁለት ወር ሆነው እንቅልፍ የለውም፣ እህል አይቀምስም። ባለፈው ሳምንት «ብሞት ይሻለኛል» አላት። «ምን ብዬ ላበረታታው?» ትለኛለች።

እህቴ፣ አሁን የሚያስፈልገው ማበረታቻ አይደለም፣ ሕክምና ነው። ዛሬውኑ ሪፈራል ሆስፒታል ውሰጂውና ያለሽን ቃል በቃል ለሐኪሙ ንገሪ። እምቢ ካለ ወንድሙን ወይም የሚያከብረውን ሰው ጥሪ። የጸበሉንም የሽማግሌውንም ነገር ከሕክምናው ጎን ታደርጊዋለሽ። የካፌው ዕዳ ይቆይ። እስከዚያው ለአንድ ሌሊትም ቢሆን ብቻውን አይደር።