የአንባቢያን ጥያቄ፦ የቡድሂዝም ፍልስፍናን ለሚጀምሩ ተማሪዎች

ጥያቄ፦ የፍልስፍና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አራቱን እውነቶች (ስቃይ፣ የስቃይ መነሻ፣ የስቃይ መቆም፣ ወደ መቆሙ የሚወስደው መንገድ) በቃሌ ይዣቸዋለሁ። ግን «ሕይወት ስቃይ ነው» ብሎ የሚጀምር ትምህርት ከጨለምተኝነት በምን ይለያል?

መልስ፦ «ሕይወት ሁሉ ስቃይ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያው ስብከት ውስጥ የለም። ቡድሃ በህንድ ሳርናት በተባለ ቦታ ለአምስት ባልንጀሮቹ ሲያስተምር የዘረዘረው እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀውን ነው፦ መወለድ፣ ማርጀት፣ መሞት፣ ከማይወዱት ጋር መገናኘት፣ ከሚወዱት መለየት፣ የፈለጉትን ማጣት። ቀጥሎ የስቃዩ መነሻ ጥማት መሆኑን ይናገርና ጥማቱን በሦስት ይከፍለዋል፤ የስሜት ደስታ ጥማት፣ የመኖር ጥማት፣ ያለመኖር ጥማት። ሦስተኛውን ልብ ይበሉ። «ምነው ባልኖርኩ» የሚለው ምኞት ራሱ ከስቃይ ምንጮች ተቆጥሯል። ጨለምተኛ ትምህርት እንዲህ አይልም።

በቃል መያዝዎ ጥሩ ነው፤ ብዙ ተማሪዎች ግን አራቱን ዘርዝረው ያቆማሉ። ስብከቱ ለእያንዳንዱ እውነት ተግባር ይሰጠዋል። ስቃይን መረዳት፣ መነሻውን መተው፣ መቆሙን በራስ ማረጋገጥ፣ መንገዱን ማሳደግ። ፈተና ላይ እውነቱን ከተግባሩ ጋር አያይዘው ይጻፉ፤ አለበለዚያ የምክንያትና የውጤት ሰንሰለት የነበረው ነገር ደረቅ ዝርዝር ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄ፦ «እኔነት የለም» ከተባለ ዳግም የሚወለደው ማን ነው? የዛሬው ጥፋት ፍሬስ ነገ በማን ላይ ይደርሳል? ክፍል ውስጥ አንስቼው አጥጋቢ መልስ አላገኘሁም።

መልስ፦ የዚህ ፍልስፍና ትልቁ ሙግት ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልሳለን።

መጀመሪያ የተካደው ምን እንደሆነ ይለዩ። የተካደው የማይለወጥ፣ አንድና ያልተከፋፈለ፣ ሁሉን የሚያዝ ባለቤት ነው። ስም ያለው፣ የሚያስብና የሚወስን ሰው መኖሩን ማንም አልካደም። ቡድሃ ሰውን በአምስት ክምችቶች ይተነትነዋል፦ አካል፣ ስሜት (ደስ የሚል፣ የሚከፋ ወይም ገለልተኛ)፣ ለይቶ ማወቅ፣ የፈቃድና የልማድ ዝንባሌዎች፣ ንቃተ ህሊና። በሁለተኛው ስብከቱ ሁለት ሙግቶችን ያቀርባል። አንደኛው፦ አካሌ እኔ ቢሆን ኖሮ «እንዲህ ሁን» ብዬ ባዘዝኩት ነበር፤ አይታዘዝም፤ ስለዚህ እኔ አይደለም። ሁለተኛው፦ አላፊ የሆነ ነገር አያረካም፤ አላፊና የማያረካውን ደግሞ «ይህ የኔ ነው፣ ይህ እኔ ነኝ» ማለት አይገባም። ሁለቱም ሙግቶች በአምስቱም ክምችቶች ላይ ተራ በተራ ይደገማሉ።

እዚህ ላይ ጎበዝ ተማሪ ይቆማል። ሙግቶቹ የሚያሳዩት ከአምስቱ አንዱም እኔነት አለመሆኑን ብቻ ነው። ተቃዋሚው «እኔነት ከአምስቱ ውጪ ነው» ቢልስ? ስለዚህ «ሰው ከአምስቱ ክምችቶች ሌላ ምንም የለውም» የሚል ያልተነገረ መነሻ ሐሳብ ያስፈልጋል። በጽሑፍዎ ውስጥ አውጥተው ይጻፉትና ይሟገቱለት፤ ወይም ይሟገቱበት።

ወደ ዳግም መወለድ ስንመጣ፣ ሳቲ የተባለ መነኩሴ «ያው ንቃተ ህሊና ከሕይወት ወደ ሕይወት ይሻገራል» ብሎ ሲያስተምር ቡድሃ አጥብቆ ገሥጾታል። ንቃተ ህሊና ሁልጊዜ በምክንያት የሚነሣ ነው፤ ተጓዥ አይደለም። የንጉሥ ሚሊንዳና የመነኩሴው ናጋሴና ንግግር የተባለው ጥንታዊ ጽሑፍ ደግሞ በመብራት ያስረዳል። ሌሊቱን ሙሉ የሚነድ መብራት በምሽትና በንጋት አንድ ነበልባል አይደለም፤ ከፊተኛው የማይገናኝ ሌላም አይደለም። ተጠያቂነትም በዚህ ተከታታይ የምክንያት ሰንሰለት ላይ ይቆማል። ያጠፋውና ፍሬውን የሚቀበለው በአንድ ሰንሰለት ውስጥ ናቸው።

ከቡድሂስቶች መካከልም ይህ ያልበቃቸው ነበሩ። ፑድጋላቫዲን («ሰው የምር አለ» ባዮች) የሚባሉት «ሰው ከክምችቶቹ ጋር አንድም አይደለም፣ ከእነሱ የተለየም አይደለም» አሉ። ቡድሂስቱ ፈላስፋ ቫሱባንዱ አቢዳርማኮሻ በተባለው መጽሐፉ የመጨረሻ ክፍል እንዲህ ሲል ሞገታቸው፦ ሰው የምር ካለ ከክምችቶቹ ተለይቶ የሚታወቅበት ጠባይ ይኑረው፤ ከሌለው ለክምችቶቹ የተሰጠ ስም ብቻ ነው።

በእኛ እይታ ከባዱን የተቃውሞ ሙግት ያነሡት ቡድሂስት ያልሆነው የህንድ የአመክንዮ ትምህርት ቤት፣ የኒያያ ፈላስፎች ናቸው። በዓይኔ ያየሁትን ነገር በእጄ ስዳስሰው ያው መሆኑን አውቃለሁ። ያየውና የዳሰሰው አንድ ባለቤት ከሌለ ይህ ዕውቀት ከየት ይመጣል? የቡድሂስቱ መልስ የፊተኛው ቅጽበት በኋለኛው ላይ አሻራውን ይተዋል የሚል ነው። አሻራ መተው ብቻውን «ያው ነው» ለሚለው ዕውቀት ይበቃል ወይስ አይበቃም? ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ጥያቄ ከፈለጉ ይህን ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ቡድሂስቱ ፈላስፋ ናጋርጁና «ሁሉ ባዶ ነው» ይላል። ታዲያ ምንም የለም ማለት አይደለም?

መልስ፦ አይደለም፤ በተማሪ ጽሑፍ ውስጥ በብዛት የምናገኘው ስህተትም ይህ ነው። ባዶ የሆነበት ነገር ተለይቶ መነገር አለበት። ባዶ የሆነው ስቫብሃቫ ከሚሉት ነው፤ ማለትም በምንም ላይ ሳይደገፍ ከራሱ ብቻ ከሚቆም ባሕርይ። ሙግቱ አጭር ነው። በምክንያት የተነሣ ነገር ከራሱ የቆመ ባሕርይ የለውም፤ በምክንያት ያልተነሣ ነገር የለም፤ ስለዚህ ሁሉም ከዚህ ባሕርይ ባዶ ነው።

የእርስዎን ተቃውሞ ናጋርጁና ራሱ በመካከለኛው መንገድ ግጥሞቹ 24ኛ ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ አስፍሮታል፦ ሁሉ ባዶ ከሆነ አራቱ እውነቶችም ይፈርሳሉ። መልሱ ነገሩን ይገለብጠዋል። ስቃይ ከራሱ የቆመ ባሕርይ ቢኖረው ኖሮ ባልጀመረም፣ ባላበቃም ነበር። አራቱን እውነቶች የሚያፈርሳቸው ባዶነትን መካድ ነው። ባዶነትን ራሱን እንደ መጨረሻ እውነት አድርጎ መያዝንም አይቀበልም፤ 13ኛው ምዕራፍ እንዲህ ያለውን ሰው የማይድን ይለዋል።

ጥያቄ፦ ዳግም መወለድን ካላመንኩ ይህን ትምህርት መማር እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ። ቡድሂስቱ የአመክንዮ ፈላስፋ ዳርማኪርቲ ለዕውቀት ሁለት ምንጮች ብቻ ተቀብሏል፤ በስሜት ሕዋስም ሆነ በሌላ መንገድ በቀጥታ ማወቅና በአመክንዮ መድረስ። ለዳግም መወለድም ያቀረበው ሙግት ነው፤ አእምሮ ከአካል ብቻ ሊነሣ አይችልም የሚል። ሙግት ነውና መመርመር ይቻላል።

ጥያቄ፦ ከምን ልጀምር? ጽሑፍስ ሳዘጋጅ ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ከሳምዩታ ኒካያ (በጥንታዊው የፓሊ ቋንቋ ከሚገኙት የስብከት ስብስቦች አንዱ) ሦስት አጫጭር ስብከቶችን ያንብቡ፦ 56.11 (የመጀመሪያው ስብከት)፣ 22.59 (ስለ እኔነት)፣ 12.15 (ለካቻና የተነገረው፣ «አለ» እና «የለም» ከሚሉት ጽንፎች መራቅ)። እያንዳንዳቸው ጥቂት ገጽ ናቸው፤ ሁለት ጊዜ ያንብቧቸው፤ በሁለተኛው ላይ መነሻ ሐሳቦቹንና ድምዳሜውን በቁጥር ይጻፉ። ከዚያ የሚሊንዳን የሠረገላ ክፍል («ሰው» እንደ «ሠረገላ» ለክፍሎች ስብስብ የተሰጠ ስም ነው የሚለውን)፣ ከዚያ የናጋርጁናን 15ኛና 24ኛ ምዕራፎች። 15ኛው የካቻናን ስብከት በስም ስለሚጠቅስ ጥንታዊውና የኋለኛው የሚገናኙበትን ቦታ በዓይንዎ ያዩታል። ቫሱባንዱን መጨረሻ ላይ ያድርጉት፤ ተቃዋሚዎቹን ሳያውቁ ቢከፍቱት ማን እንደሚናገር ይጠፋብዎታል።

ሲጽፉ «ቡድሂስቶች ያምናሉ» አይበሉ። የትኛው ትምህርት ቤት፣ በየትኛው ጽሑፍ እንደሆነ ይግለጹ። በቡድሃና በናጋርጁና መካከል ብዙ መቶ ዓመታት አሉ። የፓሊ ጽሑፎችም ለረጅም ዘመን በቃል ሲወርዱ ቆይተው በስሪላንካ በጽሑፍ የሰፈሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ስለዚህ «ቡድሃ እንዲህ ብሏል» ከማለት «ጽሑፉ ለቡድሃ የሚሰጠው ንግግር» ማለት ይሻላል። ሲጠቅሱ የስብስቡን ስምና የስብከቱን ቁጥር ይጻፉ፤ የገጽ ቁጥር ከትርጉም ትርጉም ስለሚለያይ መምህርዎ ጥቅሱን ማግኘት ይቸገራሉ።