የዓመቱን መጽሐፍ ማን ይምረጥ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በወር አንዴ እየተገናኘን በአንድ መጽሐፍ ላይ የምንወያይ ጓደኛሞች ነን፤ ከጀመርን ብዙ ዓመት ሆኖናል። የሚያጣላን ጳጉሜ ላይ የዓመቱን መጻሕፍት ስንመርጥ ነው። እጅ እናወጣለን፣ ሁሌ የሚያሸንፉት እነዚያው ሁለት ደራሲዎች ናቸው። ሁለት ድምፃቸው ጎላ ያለ ልጆች ያሉትም ያልፋል። ከዚያ ግማሾቻችን መጽሐፉን ፍለጋ ስንዞር ወሩ ያልቃል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ጳጉሜ ላይማ አይሆንም! ሰው ለበዓል እየተሯሯጠ፣ ልጅ ያለው የደብተርና የዩኒፎርም ወጪ እያሰላ፣ ማን ተረጋግቶ መጽሐፍ ይመርጣል? ነሐሴ መግቢያ ላይ ጀምሩ።

ከድምፁ በፊት ፍለጋው ይቅደም። መጽሐፍ የሚጠቁም ሰው የት እንደሚገኝና ስንት እንደሚሸጥ አጣርቶ ይምጣ። አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ጋ የተገኘ፣ ጀርባው በፕላስተር የተያያዘ አንድ ኮፒ ለማኅበር ምን ያደርጋል? መጨረሻው በቴሌግራም ፒዲኤፍ መቀባበል ነው፤ ደራሲው በሕይወት እያለ ይሄን ማድረግ እኔ አይዋጥልኝም። አዋጥቶ ሁለት ሦስት ኮፒ ገዝቶ ማዟዟር ይሻላል።

የጠቆመው ሰው ውይይቱንም ይምራ። ይቺ ብቻ ግማሹን ጥቆማ ታስቀራለች፣ ምክንያቱም ስሙን ሰምቶ የሚጠቁም እንጂ አንብቦ የሚጠቁም ጥቂት ነው።

አሥራ ሁለቱንም ወር ደግሞ ለድምፅ አትስጡ። ስድስት ሰባቱን በወረቀት ምረጡ፤ በዓመት ከአንድ ደራሲ አንድ መጽሐፍ ብቻ። የቀረውን እንደ ዕቁብ በዕጣ አድርጉት። የደረሰው ሰው የፈለገውን ያመጣል፣ ማንም ለምን አይለውም፣ ሌሎቹ እስኪዳረሱም ድጋሚ ዕጣ ውስጥ አይገባም። ዝም ብለው የሚቀመጡት አባላት ምን እንደሚወዱ የሚታወቀው ያኔ ነው፤ ግጥም የሚያመጣ አለ፣ የጉዞ ማስታወሻ የሚያመጣ አለ።

ወር ስትደለድሉ ገጹን እዩ። በ1958 የታተመውን "ፍቅር እስከ መቃብር"ን የመሰለ ከ500 ገጽ የሚያልፍ መጽሐፍ ሠርግና ጥምቀት በሚደራረቡበት ጥር ላይ ብታስገቡት አንብቦ የሚመጣ የለም። ክረምት ላይ አድርጉት፣ ሁለት ወርም ስጡት። ጊዜ ያጣ ሰው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ያድምጥ፤ ለእኔ እሱም ንባብ ነው፣ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ። ፋሲካ ሰሞን አጫጭር ልብ ወለዶች ይበቃሉ።

እኔ ብሆን በዓመት አንድ ወር ደግሞ ዘመኑን የኖረ ሰው ለሚጋበዝበት መጽሐፍ እይዛለሁ። የበዓሉ ግርማን "ኦሮማይ" ብታነቡ፣ መጽሐፉ በሚተርከው በደርጉ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አሥመራ የነበረ አባት ወይም አጎት ያለው ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም።

እነዚያን ድምፃቸው ጎላ ያለ ሁለት ልጆች ደግሞ ቃለ ጉባኤ ያዥ አድርጓቸው። እየጻፉ መጮህ አይመችም።