ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቢው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ያገለገለ የ2007 ሞዴል ቪትዝ ገዝተሻል፤ የሾፌሩ ቀበቶ ሲፈታ እየተንቀረፈፈ ነው የሚመለሰው፣ ጠርዙም ፀጉር አብቅሏል። መካኒኩ ደግሞ «ፀጉሩን በላይተር ለብለብ አድርጊው፣ ከባሰም ልብስ ሰፊ ደርቦ ይሰፋልሻል» ብሎሻል። ከመለሱልሽ ሰዎች ግማሾቹ «ምንም አይል» ሲሉ ግማሾቹ «ሽጪውና ተገላገዪ» ብለዋል። እኔ ከሁለቱም አይደለሁም። ጋራዥ ውስጥ 16 ዓመት ሠርቻለሁ፤ በዚሁ በቀበቶ ጉዳይ ራሴም ተሸውጄ አውቃለሁና ትንሽ ላርዝመው።

ላይተሩንና ሰፊውን ከአሁኑ እርሺያቸው። ቀበቶ የሚሠራው ከፖሊስተር ክር ነው። እሳት ሲነካው ይቀልጥና ይደርቃል፤ ሲወጠር ቀድሞ የሚበጠሰውም ያው የደረቀው ቦታ ነው። መርፌም ክሩን እየበሳ ያዳክመዋል። ሰፊው ሱሪ ያሳጥርልሽ፣ በዚያ አልከራከርም።

አሁን መኪናው ውስጥ ግቢና ቀበቶውን በቀስታ እስከ መጨረሻው ሳቢው፤ «ከዚህ በላይ የለኝም» እስኪልሽ ድረስ። ሰው ሁሉ የሚያየው ውጭ የተንጠለጠለውን ብቻ ነው። ታሪኩ ያለው በሩ አጠገብ ባለው ምሰሶ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚኖረው ክፍል ላይ ነው። ውስጠኛው ክፍል ላይ የደረቀ የጭቃ መስመር ወይም የሻጋታ ሽታ ካገኘሽ መኪናው ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ሻጮች ምንጣፉንና ወንበሩን ያጥባሉ፤ ቀበቶውን ስቦ የሚያጥብ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከዚያ በሁለት ጣትሽ ጠርዙን ይዘሽ ከላይ እስከ ታች ሂጂበት። መሃሉ ላይ ያለ ስስ ለስላሳ የክር ፀጉር የእድሜ ነው፣ ይታለፋል። ጠርዙ ላይ ክር ከተቆረጠ ወይም ከተፈታ ግን እኔ አላልፈውም፤ ካልሽው ተነስቼ ያንቺ የሚቀየር ይመስለኛል። ትከሻሽ አጠገብ ያለውን ቀበቶው የሚያልፍበትን ቀለበትም በጣትሽ ዳሺው። ጠርዙን የሚበላው ብዙ ጊዜ እዚያ ያለ ሻካራ ቦታ ነው፤ እሱን ትተሽ ቀበቶውን ብቻ ብትቀይሪ አዲሱንም ይበላዋል። ቀለበቱ ፕላስቲክ ላይ የቀለጠ መሰል ጭረት፣ ቀበቶው ላይ ደግሞ የሚያብረቀርቅና ደረቅ ያለ መስመር ካየሽ፣ ያ ቀበቶ ግጭት ውስጥ ሰው ይዟል። አንዴ እንዲያ የተወጠረ ቀበቶ ቢያምርም አይታመንም። ታች ወለሉ አጠገብ የተሰፋ መለያ ጨርቅ አለ፤ የተሠራበት ዓመት አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ይጻፋል። መኪናው 2007 ሆኖ ቀበቶው 2012 ካለ፣ ለምን እንደተቀየረ ሻጩን ጠይቂው።

ቀስ ብሎ መመለሱ ብዙ ጊዜ የቆሻሻ ጉዳይ ነው። የአዲስ አበባ አቧራ፣ ላብና የፀጉር ቅባት ተደባልቀው ቀለበቱ ላይ ይጋገራሉ። ቀበቶውን ሙሉ በሙሉ አውጪና እንዳይመለስ በልብስ መቆንጠጫ ያዢው። ለብ ባለ ውሃና በቀላል ሳሙና ቀበቶውንም ቀለበቱንም ጥረጊ፤ በደንብ እስኪደርቅ ሳትመልሺው ጥላ ቦታ ይደር። በረኪና አታስጠጊው፣ ክሩን ይበላል። ዘይትም አትጨምሪበት፤ ዘይት አቧራ ይሰበስባል። ከታጠበም በኋላ ካንቀላፋ ስፕሪንጉ ደክሟል፣ ይቀየራል።

የተሸወድኩበት ነገር ይኸው። ሁሉም ሰው ቀበቶ የሚፈትነው በድንገት በመመንጨቅ ነው። ከያዘ «ደህና ነው» ይባላል። እኔም መካኒክ ነኝ እያልኩ እንደዚያው ነበር የማደርገው። በ2008 ዓ.ም. በአሮጌ ኮሮላ ከባለቤቴ ጋር ወደ አዳማ ስንሄድ፣ ከቢሾፍቱ ወጣ እንዳልን አህያ ዘላ መንገድ ውስጥ ገባች። ፍሬን ያዝኩ። የኔ ቀበቶ ጥርቅም አድርጎ ያዘኝ፤ የሷ ግን እንደ ጎማ እየተለቀቀ ሄዶ ግንባሯ ዳሽቦርዱን መታ። እብጠት ብቻ ሆኖ አለፈ። ቀበቶዋን አስራ ነበር፣ ስመነጭቀውም ይይዝ ነበር!

ፈትቼ ሳየው ጉዱ ወጣ። መጠቅለያው፣ ማለትም ቀበቶው ምሰሶው ውስጥ የሚጠቀለልበት ዕቃ፣ ሁለት መያዣ አለው። አንዱ ቀበቶው በፍጥነት ሲሳብ ይይዛል። ሁለተኛው መኪናው ራሱ በድንገት ሲቆም ወይም ሲያጋድል ይይዛል፤ በብዙዎቹ ውስጥ ትንሽ የብረት ኳስ አለች፣ መኪናው ሲቆም ወደ ፊት ተንከባላ ጥርሱን ታስቆልፋለች። ፍሬን ሲያዝ ሰው የሚንሸራተተው እጅ እንደሚመነጭቀው ፈጥኖ ስላልሆነ፣ ቀድማ መያዝ ያለባት ኳሷ ነች። ከእኔ በፊት የገጠመው ሰው የሌላኛውን ጎን መጠቅለያ አስገብቷል። ማዕዘኑ ስላልገጠመ ቁልፍ ብሎ አልወጣ ሲለው ኳሷን አውጥቶ ጥሏታል። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዞረ መኪኖች ላይም ቀበቶዎቹ ቦታ የተለዋወጡ እንዳይሆኑ በደንብ እዪ።

ስለዚህ እሁድ ጠዋት ባዶ ሜዳ ፈልጊ፤ በሰዓት ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር እየሄድሽ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገሽ ያዢ። ቀበቶው ደረትሽ ላይ መቆለፍ አለበት። ጋቢና ያለው ሰው በእጁ ዳሽቦርዱን ለመደገፍ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። የኋላዎቹንም በየተራ። መጠቅለያውን ግን አንቺም መካኒክሽም እንዳትከፍቱት፤ የኔው አሮጌ ነበር፣ በቅርብ ዓመታት መኪኖች ላይ ቀበቶውን በግጭት ጊዜ በቅጽበት የሚያጠብቅ ባሩድ አለ። ባሩዱ አንዴ ከሠራ ሁለተኛ አይሠራም፣ ዕቃው በሙሉ ይቀየራል። ቁልፍ ስትከፍቺ የተቀመጠ ሰውና ከፊቱ ክብ ነገር ያለበት የኤርባግ መብራት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። በርቶ ከቀረ ችግር አለ። ጭራሽ ካልበራ ይበልጥ ጠርጥሪ፤ ከግጭት በኋላ አምፖሉን ነቅለው መኪናውን የሚሸጡ አሉ።

መቆለፊያው «ቀጭ» ብሎ መግባት፣ ሲጫኑት ደግሞ ያለ ትግል መልቀቅ አለበት። ከስንቱ ውስጥ ቆሎና ሳንቲም እንዳወጣሁ ብነግርሽ ትስቂያለሽ። ቀዩን መጫኛ ግን አትናቂው። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ የጃፓኑ ታካታ ኩባንያ በሠራቸው ቀበቶዎች ምክንያት ከ8 ሚሊዮን በላይ መኪኖች ለጥገና ተጠርተዋል፤ ፕላስቲኩ በፀሐይ እየተሰባበረ ስብርባሪው መቆለፊያው ውስጥ ይገባ ነበር። የኛንም ፀሐይ ታውቂዋለሽ። «ቀበቶ እሰሪ» የሚለውን ጩኸት ለማጥፋት ብቻ መቆለፊያው ውስጥ የሚሰካ፣ ቀበቶ የሌለው ባዶ ምላስ አብሮ ከተሸጠልሽ ጣዪው።

የወንበር ሽፋን አልብሰሽው ከሆነ የኋላዎቹ መቆለፊያዎች ስር ተቀብረው ይሆናል፤ አውጪያቸው፣ ልጆች የሚቀመጡት እዚያ ነው።

ስትቀይሪ አዲስ ብታገኚ ይሻላል፤ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ከገዛሽም ለዚያው ሞዴልና ለዚያው ጎን የሆነ፣ ከነቡሎኑ፣ እስከ መጨረሻው ስበሽ ያየሽው ይሁን። የቀበቶ ቡሎን በብዙ የጃፓን መኪኖች ላይ 7/16 ኢንች ነው፤ መካኒኩ ከሳጥኑ ተራ ቡሎን አንስቶ በግድ ሲያጠብቅ ካየሽ አስቁሚው።

የታችኛውን መለያና የጠርዙን ፎቶ ለጥፊልኝ፣ ማታ አየዋለሁ።