ፕሉቶንና ታፍ፦ ጉርብትና ዝምድና አይደለም

ሰላም እህታችን፤

ዘንድሮ በጂኦሎጂ ትመረቂያለሽ። ለማስተርስ ማመልከቻሽ ያሰብሽው ጥናት በካሊፎርኒያ ሴራ ኔቫዳ ያለው ባለ ቀለበቱ የቱዎሉምኒ ፕሉቶን (ማግማ መሬት ሥር ቀዝቅዞ የሠራው ግዙፍ አለት) አጠገቡ ያለውን የሚናሬትስ ታፍ (የእሳተ ገሞራ አመድ የጠጠረበት አለት) ተፍቶት እንደሆነ በኬሚስትሪ ማረጋገጥ ነው። ርዕሱ እንጀራ ያበላኛል ወይ ብለሽም ጠይቀሻል።

ርዕሱን አትተዪው። የመረጥሻቸው ሁለቱ አለቶች ግን አይገናኙም። ቱዎሉምኒ ከዳር ወደ መሀል እያነሰ የሚሄድ ዕድሜ አለው፦ በዳር ያለው ኩና ክሬስት ወደ 95 ሚሊዮን ዓመት፣ ቀጥሎ ሃፍ ዶም፣ ከዚያ ካቴድራል ፒክ፣ መሀል ላይ ያለው ጆንሰን ወደ 85 ሚሊዮን ዓመት ነው። የሚናሬትስ ታፍ ደግሞ ወደ 100 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ልጅ አባቱን አይወልድም። በአንድ የእሳተ ገሞራ ቅስት (ረድፍ) የተፈጠሩ አለቶች ኬሚስትሪያቸው መመሳሰሉ የተለመደ ስለሆነ፣ ዕድሜ ያልቀደመበትን ንጽጽር ገምጋሚዎች ገና ከመነሻው ይጥሉታል። ለሚናሬትስ የሚቀርበው ወደ 98 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የጃካስ ሌክስ ፕሉቶን ነው፤ ጥያቄሽን ወደዚያ አዙሪው።

ሌላም መታረም ያለበት ነገር አለ። «ማግማው በአንድ ጎድጓዳ ውስጥ ከዳር ወደ መሀል እየቀዘቀዘ ቀለበት ሠራ» ብለሻል። ይህ የቀድሞው አስተሳሰብ ነው። አንድ የማግማ ክምችት 10 ሚሊዮን ዓመት ሙሉ ቀልጦ ሊቆይ ስለማይችል፣ ፕሉቶኑ በየጊዜው እየገባ በተደራረበ ማግማ እንደተገነባ የሚያሳዩ የዚርኮን (የአለት ዕድሜ የሚለካበት ማዕድን) ዕድሜዎች ከ2004 ወዲህ በብዛት ወጥተዋል። ስለዚህ «ፕሉቶኑ ፈንድቷል ወይ?» ሳይሆን «የትኛው ዙር ማግማ ፈነዳ፣ የትኛው እዚያው ቀረ?» ብለሽ ጠይቂ።

ናሙና ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ካቴድራል ፒክ ላይ ጣት የሚያህሉ የፖታሲየም ፌልድስፓር ክሪስታሎች አሉ፤ ጡጫ የምታህል ድንጋይ ወስደሽ ብትፈጪ አንድ ክሪስታል ብቻውን የፖታሲየምና የባሪየም ቁጥርሽን ያዛባዋል። ከእንዲህ ዓይነቱ ሻካራ ግራኒት ከ10 ኪሎ በላይ፣ ከደቃቁ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ያዢ፤ የበሰበሰውን ቅርፊት እዚያው በመዶሻ አንሺ። ከታፉ ደግሞ በተቻለ መጠን የተጨፈለቀውን ፑሚስ (ከማግማው ራሱ የመጣውን ባለ ቀዳዳ ድንጋይ) ለይተሽ ውሰጂ። ታፉን በጅምላ ከፈጨሽው ሲፈነዳ ከግድግዳው የተነቀሉ ባዕድ ስብርባሪዎችና የቆዩ ዚርኮኖች አብረው ገብተው ዕድሜውን ወደ ኋላ ይጎትቱታል። ሚናሬትስ ያለበት አካባቢ በሞተር የሚሠራ መሰርሰሪያ የሚከለከልበት ጥብቅ ስፍራ ነው፤ የናሙና ፈቃድም ያስፈልጋል። ይህንን ዕቅድሽ ውስጥ ጻፊው፤ መሬቱን እንደምታውቂው ያሳያል።

በሌዘር የሚሠራው የዚርኮን መለኪያ ርካሽና ፈጣን ቢሆንም ስህተቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይደርሳል። በ100 ሚሊዮን ላይ ያ ማለት ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ አንቺ ልትለዪው የምትፈልጊውን ልዩነት ይውጠዋል። በሌዘር ዚርኮኖቹን አጣሪና የተመረጡትን ወደ 0.1 በመቶ በሚወርደው በቲምስ (TIMS፣ አይሶቶፖችን በትክክል የሚለካ መሣሪያ) አስለኪ። ኬሚስትሪው ከዚህ በኋላ ይምጣ፦ ከፍተኛ ሲሊካ ያለው ራዮላይት (የፈነዳው አለት) ባሪየምና ስትሮንቲየም ካነሰው፣ የተተወው ክሪስታል ፕሉቶኑ ውስጥ በእነዚሁ በልጽጎ መገኘት አለበት። ፕሉቶን የቀዘቀዘ ፈሳሽ ብቻ ሳይሆን የክሪስታል ክምችትም ሊሆን እንደሚችል አትርሺ።

እንጀራውን በተመለከተ፣ ቀጣሪ የሚከፍልሽ ለርዕሱ ሳይሆን ለእጅሽ ነው፦ ኮንታክት (ሁለት አለቶች የሚገናኙበትን መስመር) መከተል፣ ማን ማንን እንደቆረጠ መለየት፣ ዕድሜ ማንበብ። የፖርፊሪ መዳብ (ከማግማ ጋር የተያያዘ የመዳብ ክምችት) ፍለጋ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። አገር ቤትም እንደ አሉቶ ባለ የእንፋሎት ኃይል መስክ ከላይ የሚታየው እሳተ ገሞራው ሲሆን የሙቀቱ ምንጭ ከሥር ተደብቋል፤ ሴራ ኔቫዳ ላይ የላዩ ተሸርሽሮ ሥሩ ተጋልጧል። አንዱን ያነበበ ሌላውን ለመገመት ይቀለዋል።

የማመልከቻሽን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ብለሽ ጀምሪው፦ «የሚናሬትስ ታፍንና የጃካስ ሌክስ ፕሉቶንን ዕድሜ እያንዳንዱን ከ0.1 በመቶ ባልበለጠ ስህተት ለክቼ ምን ያህል እንደሚራራቁ አሳያለሁ።»