ጋቢ የለበሱትን አባት ያላየችው ወፍ

እህቴ፣ «ለመመረቂያ ሥራዬ ሰው ሲጠጋው የሚንቀሳቀስ ቅርፅ ልሠራ ነው፤ የትኛውን ሴንሰር ልግዛ? ሰውስ አይቶ ብቻ እንዳያልፍ ምን ላድርግ?» ያልሽውን አየሁት። እዚህ የመለሱልሽ ሁሉ ሴንሰር፣ ማለትም ሰው መቅረቡን የሚያውቅ መሣሪያ ነው የዘረዘሩት። እኔ ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምር፣ ምክንያቱም እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ለአንድ የጋራ ኤግዚቢሽን ከምናለሽ ተራ በለቀምኩት የዘይት ቆርቆሮና በጃንጥላ ሽቦ ሰው የምታክል ወፍ ሠራሁ። አንገቷ ላይ ሁለት ሰርቮ (በታዘዘው ልክ ዞሮ የሚቆም ትንሽ ሞተር)፣ ደረቷ ላይ ግራ፣ መሀልና ቀኝ ኤችሲ-ኤስአር04 የሚባለው ባለ ሁለት ዓይን፣ በድምፅ ርቀት የሚለካ ሴንሰር፣ ሆዷ ውስጥ አርዱዊኖ የሚባለው ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ። ሰው በቀረበበት በኩል አንገቷን እጥፍ ታደርጋለች። ቤት ስሞክራት እንቅልፍ እንኳ አልወሰደኝም ከደስታ። የመክፈቻው ቀን ግን ሰው ይመጣል፣ ወፏ ትዞራለች፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። አንዷ ለጓደኛዋ «በየደቂቃው እንድትዞር ተሞልታ ነው» ስትላት ሰማሁ። የስንት ሌሊት ልፋቴ የግድግዳ ሰዓት ሆነ ማለት ነው።

ማታውኑ ኮዱን ከፈትኩ። ሰው በሌለበት ጊዜ ዝም ብላ ከምትቆም ቀስ እያለች ዙሪያዋን እንድትቃኝ አደረግኩ። ሰው ሲጠጋ ደግሞ መጀመሪያ ቀጥ ትላለች፣ አንድ ሰከንድ ያህል። ከዚያ በኋላ ነው በዝግታ ወደ ሰውየው የምትዞረው። ሌላ የነካሁት ነገር የለም። በነጋታው «አየችኝ!» ማለት ተጀመረ። ሰዉ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ትከተለዋለች፤ ከምሰሶው ጀርባ ይደበቃል፣ ትፈልገዋለች። ዘበኛው ሳይቀሩ ጠዋት በር ሲከፍቱ «እንዴት አደርሽ» ይሏት ጀመር።

ይሄን እኔ አልፈጠርኩትም። ኤድዋርድ ኢህናቶቪች የሚባል፣ ፖላንድ ተወልዶ እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረ ቀራፂ በ1970 እ.ኤ.አ. ለፊሊፕስ ኩባንያ «ሴንስተር» የሚባል ግዙፍ የብረት ፍጡር ሠርቶ ነበር። ሆላንድ፣ አይንድሆቨን ውስጥ ኢቮሉዮን በሚባለው የኩባንያው ማሳያ ሕንፃ ነው የቆመው። የመጋጠሚያዎቹን ሐሳብ የወሰደው ሎብስተር ከሚባለው የባሕር እንስሳ ጥፍር ነው፤ ሃይድሮሊክ (የፈሳሽ ግፊት) ያንቀሳቅሰዋል፣ ራሱ ላይ ማይክሮፎንና ራዳር አለው፣ ኮምፒውተር ይመራዋል። ያ ኮምፒውተር ዛሬ ኪስሽ ውስጥ ካለው ስልክ አጠገብ ምንም ነው። ሕጎቹም ጥቂት ናቸው፦ ለስለስ ያለ ድምፅ ሲሰማ አንገቱን ወደዚያ ያቀርባል፣ ሲጮሁበት ወይም ሲወራጩበት ይሸሻል። በቃ። ሰዉ ግን እንደ እንስሳ ያባብለው ነበር።

ስለ መንካት ደግሞ፣ እኛ ኤግዚቢሽን ላይ «አትንኩ» እየተባልን ነው ያደግነው። እኔ «እባክዎ ይንኩ» ብዬ ለጠፍኩ፣ ማንም አልነካም። ጽሑፍ አይሠራም፤ እጅ የሚጠራ ነገር ነው የሚሠራው። የራፋኤል ሎሳኖ-ሄመርን «ፐልስ ሩም» (2006 እ.ኤ.አ.) ፈልገሽ እዪ። የሚጨበጥ ነገር አለ፤ ስትይዥው በልብ ምትሽ ልክ አምፖል ብልጭ ድርግም ይላል፣ ስትለቂ ምትሽ ክፍሉን ወደሞሉት አምፖሎች ይገባል፣ ተከታዩ ሰው ሲመጣ ያንቺ አንድ አምፖል ወደፊት ይገፋል። የሚጨበጥ ነገር ያየ ሰው ማብራሪያ አይጠብቅም።

አሁን ወደ ሴንሰሩ። ኤችሲ-ኤስአር04 ርካሽ ነው፣ ለመለማመድ ግዢው። ግን ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ልኮ ማሚቶውን ነው የሚጠብቀው፣ ለስላሳ ወፍራም ጨርቅ ደግሞ ድምፁን ይውጠዋል። በሦስተኛው ቀን ጋቢያቸውን የተከናነቡ አባት ፊቷ መጥተው ቆሙ። ወፏ እሳቸውን ትታ ግድግዳ ታያለች። ወደ ቀኝ ሄዱ፣ ወደ ግራ መጡ፣ ምንም። «ምን በድያት ነው?» አሉና አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ እኔ ግን መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እዚህ አገር ጋቢና ነጠላ የማያይ ሥራ ይዘሽ አትውጪ። እኔ በኋላ በብርሃን ርቀት ወደሚለካው ትንሹ የሌዘር ሴንሰር ቀየርኩ። ነጭ ጨርቅን ጥሩ አድርጎ ያያል፣ ጥቁር ላይ ይደክማል፣ ቀጥታ ፀሐይ ካገኘው ይደናበራል፤ ስለዚህ ከመስኮት አርቂው። በድምፁ ሴንሰር ከጸናሽም ሁሉንም ባንድ ጊዜ አታስነሺ፣ አንዱ የሌላውን ማሚቶ ይሰማል። በየተራ።

መብራትን አደራ። ሰርቮውን ከአርዱዊኖው አምስት ቮልት አትመግቢው፤ ሞተሩ ሲነሳ ከረንቱን ይጎትትና ቦርዱ እንደገና ይነሳል፣ ወፍሽም የሚጥል በሽታ የያዛት ትመስላለች። ለሞተር የራሱን ፓወር ስጪ፣ ግራውንዱን (ኔጌቲቭ ገመዱን) ብቻ ከአርዱዊኖው ጋር አገናኚ። እኔ የሞተር ሳይክል ባትሪ ሆዷ ውስጥ አስቀምጬ ቮልት በሚቀንስ ቦርድ አወረድኩት። አንድ ቀን መብራት ሄዶ አዳራሹ ሲጨልም እሷ ብቻ በስልክ መብራት መሀል አንገቷን እያዞረች ቀረች።

ቀጥ የምትልበትን ኮድ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ኮዱ ውስጥ የጻፍኳቸው ማስታወሻዎች ግን ዝርክርክ ናቸው፣ ከአሁኑ ይቅርታ።